ደበሌ የቆረጠው ግድግዳ

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የደበሌ እጅ ያልነካው በር ማግኘት ያስቸግራል። ከገበያው ጀርባ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ሜዳ አጠገብ ያለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ጠባብ ናት። ግን የሰፈሩ ቁም ሳጥን፣ የጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበር፣ ተማሪዎች የሚከራዩት አልጋ ሁሉ ከዚያች ጠባብ ቤት ነው የወጣው። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ማወቁንም ያውቃል። አንዱን ጣውላ በእጁ መዘን አድርጎ "ይቺ ገና አልደረቀችም፣ መልሳት" ካለ የሚከራከረው ነጋዴ የለም። ታዲያ ይሄ አገር የሚመሰክርለት አናጢ በሚኖርበት ቤት ውስጥ አንዲት መደርደሪያ እንኳ አልሠራም ነበር።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቤቱ የእሱ አልነበረም። የሚስቱ የአገርነሽ አባት፣ አቶ ዳልጮ፣ ከዶርዜ ወርደው በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት ነው። ደበሌ አገርነሽን ሲያገባ አማቱ "ልጄን ይዘህብኝ አትሂድ፣ እዚሁ ግባ" አሉት፤ ገባ። ወንድ ልጅ አማቱ ቤት ሲገባ ሰው ምን እንደሚል የታወቀ ነው፤ እሱም ሳይሰማ አልቀረም። ከሁሉ ያቃጠለው ግን ሌላ ነው። በገባ ሰሞን የሠርጋቸውን ፎቶ ሊሰቅል መዶሻ ሲያነሳ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እጁን ያዙት። "በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም" አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። አናጢን ሚስማር አትምታ ማለት እንግዳ መሆንህን አትርሳ ማለት ነው ብሎ ወሰደው፤ ቅሬታውን ዋጥ አድርጎ መዶሻውን ወደ ሥራ ቤቱ መለሰ። አቶ ዳልጮ ካረፉም በኋላ አላመጣውም።

አገርነሽ ደግሞ የመጽሐፍ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አማርኛ ስታስተምር መጽሐፍ ስትሰበስብ ኖራለች፤ አልጋው ስር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ፣ ወጥ ቤት ካለው ቁም ሳጥን ላይ ሳይቀር መጽሐፍ አለ። የሰፈሩ ልጆችም፣ ከየክልሉ የመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይመጣሉ፤ "እትዬ አገርነሽ፣ ያቺ መጽሐፍ አለችሽ?" ሲሏት "አለች" ትላለች፤ አለች ማለት ግን ተገኘች ማለት አይደለም። ግማሽ ቀን ከረጢት ስታራግፍ ትውላለች። ከታች ያለውን እርጥበት ያበላሸዋል፣ የቀረውን ምስጥ ይቀምሰዋል። ጡረታ የወጣች ዕለት ከትምህርት ቤት የተሰጣትን አበባ እንደያዘች ከረጢቶቹ መሀል ቁጭ ብላ ሲያያት ደበሌ አንጀቱን በላችው።

"በምሥራቁ ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ እሠራልሻለሁ" አላት። "ተለጣፊ አይደለም። ከግድግዳው ጋር አንድ የሆነ።"

"አባቴስ ያሉት?"

"አባትሽ ሚስማር አይመታም አሉ እንጂ መደርደሪያ አይሠራም አላሉም። አንዲት ሚስማር አልመታም፤ አየሽ?"

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ በሆዱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሟቹ አማቱ እጁን ሊያሳያቸው ፈልጓል። ያለ ሚስማር እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው እንደነበራቸው ይዩ ማለቱ ነው።

ንድፉን ሁለት ሆነው አወጡት፤ እሷ ግድግዳው ላይ በጠመኔ እየሳለች፣ እሱ ከኋላ ከኋላዋ እያጠፋ። ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ረጅም መደርደሪያ ነበር የፈለገችው። "መጽሐፍ ከእህል ይከብዳል። ይሄን ያህል የሚረዝም ጣውላ ዓመት ሳይሞላው ሆዱ ይወርዳል" አለና በአጭር በአጭሩ ከፋፈለው። መዝገበ ቃላቱና የድሮ መጽሔቱ ወደ ታች፤ ተረቱ የልጅ እጅ በሚደርስበት፤ ላይኛው ላይ "ማንም አይጠይቀኝም ግን አልጥለውም" የምትለው። ወፋፍራም የዋንዛ ቋሚዎች ግማሽ ጎናቸው ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ይቆማሉ፤ ጣውላዎቹ በቋሚዎቹ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ተንሸራተው ይገባሉ። ግድግዳው ከሌላው ቤት ግድግዳ እጥፍ ስለሚወፍር ቋሚውን ለመቅበር የተመቸ መሰለው።

አናጢ የጭቃ ግድግዳ ሲያገኝ መጀመሪያ ያንኳኳል። የጭቃ ቤት የተተከለ ቋሚ አለው፣ ቋሚውን የሚያያይዝ ማገር አለው፣ የቀረው ጭቃና ጭድ ነው። ጣትህን አጥፈህ ስትመታው ባዶው ዱብ ይላል፣ ቋሚው ያለበት ጠቅ ይላል። ደበሌ ጆሮውን ለጥፎ ከጥግ እስከ ጥግ አንኳኳ። የትም ቦታ ድምፁ አንድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። ደበሌ ግን እውቀት በዝቶበታልና ግራ አልገባውም፤ "ሽማግሌው ለእንጨት አልሰሰቱም፣ ቋሚውን ጥቅጥቅ አድርገው ነው የተከሉት" ብሎ ደመደመ። "ይሄን ግድግዳ ዝሆን ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም።"

በማግሥቱ አገርነሽ ገበያ ስትሄድ እሱ መሮና መጋዝ ይዞ ጀመረ። ልስኑ በትልልቁ ተገነጠለ፤ ከስሩ ጭቃው መጣ፤ ጭቃውን እያራገፈ ሲገባ መጋዙ አንድ ቀጭን ነገር ነካ። ማገር መሰለው፣ ቆረጠው። ሌላ አገኘ፣ እሱንም ቆረጠው። እንዲህ እያለ ቋሚዎቹ የሚገቡበትን ቦታ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ከፈተ። እያንዳንዱ ሲቆረጥ ጥንግ ይልና ጫፉ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። እንጨት ሲቆረጥ እንዲህ አይልም፤ እንዲህ የሚለው የተወጠረ ነገር ነው። ደበሌ ይሄ የገባው ብዙ ከቆረጠ በኋላ ነበር።

መጋዙን አስቀመጠና መጥረጊያ አመጣ። አቧራውን ጠረገ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ አየ፣ ተመልሶ ቀርቦ አየ፣ መጥረጊያውን ከእጁ ጣለው።

ግድግዳው ውስጥ ቋሚ የሚባል አልነበረም። ማገርም አልነበረም። የነበረው ስንጥቅ ቀርከሃ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ፣ ከሌላው ስር እየገባ፣ ልክ ጋቢ እንደሚሸመን የተሸመነ። ቢቆነጥጠው ጣቱ ለጥፍር የሚሆን ክፍተት አላገኘም። ከጀርባው ደግሞ ሌላ እንደዚያው ያለ ሽምን ነበረ፤ በሁለቱ መሀል ጭቃ ተጠቅጥቋል። ደበሌ በእጁ መዳፍ ልስኑን እየፈነቀለ ወደ ጥጉ ሄደ። ጥጉ ላይ ያልቃል ብሎ ነበር። አላለቀም። ቀርከሃው ቀስ ብሎ ተጠምዝዞ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ዞረ፤ ጥጉን ቀጥ ያለ ያስመሰለው ወፍራም ልስን ብቻ ነበር። ወደ ሌላኛውም ጥግ ሮጠ። እዚያም ይዞራል። ቤቱ መጀመሪያም መጨረሻም አልነበረውም።

አገርነሽ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አገኘችው። ስለ አቧራው ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳትቆጣ ቀረች። ቀረብ ብላ የተሸመነውን በእጇ ዳበሰችው።

"ይሄ እኮ የዶርዜ ቤት ነው" አለች ቀስ ብላ። "አያቴ ቤት ግድግዳው እንዲህ ነበር። ደበሌ፣ እኛ የምንኖረው… ከተማ መሀል የዶርዜ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የምንኖረው?"

እሷም አታውቅም ነበር። ቤቱ ሲሠራ ለመምህርነት ሥልጠና ሌላ አገር ነበረች፤ ስትመለስ ያገኘችው አራት ማዕዘን፣ በነጭ ኖራ የተቀባ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የከተማ ቤት ነው። አባቷን ሰዎች "የከተማ ቤት ይሥሩ" ብለዋቸው ነበር። እሳቸውም የሚያውቁትን አንድ ቤት፣ እጃቸው ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀውን ቤት ሠርተው፣ የከተማ ልብስ አለበሱት። ለማንም አልተናገሩም።

ግርጌው ላይ ሲደርሱ የባሰ ነገር አዩ። ከወለሉ በላይ እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ሽምን ከላይኛው ይለያል፤ ቀለሙም ዕድሜውም አንድ አይደለም። አሮጌው የት አልቆ አዲሱ የት እንደጀመረ ለመለየት ግን ችቦ ያስፈልጋል። ደበሌ ትዝ አለው። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ አቶ ዳልጮ የቤቱን ግርጌ በየተራ እያፈረሱ እንደገና ይመርጉት ነበር። ሰፈሩ "ጭቃ ማቡካት የሚወዱ ሽማግሌ" እያለ ይቀልድባቸዋል፤ ደበሌም ከቀልደኞቹ አንዱ ነበር። ሰውየው ለካ ምስጥ የበላውን እየነቀሉ፣ ቤቱን ከስሩ እንደገና እየሸመኑት ነበር። ኃይላቸው እስካለቀበት ዓመት ድረስ ማለት ነው።

የሚስማሩም ነገር ያኔ ገባው። በተወጠረ ስንጥቅ ቀርከሃ ላይ ሚስማር ቢመታ ይተረተራል። ሽማግሌው እጁን የያዙት ሊያዋርዱት አልነበረም፤ ቤቱ ሊወጋ ሲል እሳቸውን አሟቸው ነው። ከእኚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን አንድ ገበታ ቀርቦ ሲበላ ማንነታቸውን አላወቀም ነበር። ደበሌ ከእንጨት ጋር ዕድሜውን የኖረ ሰው ነው፤ ከሰው እጅ የወጣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቶ አያውቅም። ፈራ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚፈራው ዓይነት ፍርሃት።

ከዚያ በመጋዝ የቆረጠውን አየ።

በነጋታው በሩ አልዘጋ አለ። ከመቃኑ ላይ ያበጠ መስሎት ሊልገው ሲል ያበጠ እንዳልሆነ አየ፤ መቃኑ ዘሟል። ቱንቢ ቢያወርድ የምሥራቁ ግድግዳ መሀሉ ወደ ውስጥ ሆዱን ነፍቷል፤ ከላይ ጣሪያው የተቀመጠበት፣ ቤቱን የሚዞረው አግዳሚ እንጨት በዚያ በኩል ዝቅ ብሏል። የተሸመነ ነገር ሲቆረጥ የተቆረጠበት ብቻ አይደለም የሚላላው፣ ዙሪያው ሁሉ ነው። ከአባያ ሐይቅ በኩል ደመና መጠራቀም ጀምሯል፤ ዝናቡ መጥቶ ጭቃውን ካራሰው ግድግዳው አይቆምም። ያ ማለት ደግሞ የአገርነሽ አባት ቤት፣ በየዓመቱ እየታከመ እዚህ የደረሰው ቤት፣ በደበሌ እጅ ፈረሰ ማለት ነው። እሷ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ከሥራ ቤቱ የጭነት መኪና ክሪክ አመጣና አግዳሚውን ከመሀሉ ሊያነሳው ሞከረ። ክሪኩ ያለበት ቦታ ሲነሳ ከጎኑ ያለው ተንጣጣ። ወደ ጎን ወሰደው፣ መሀሉ ተንጣጣ። ደበሌ ላቡን ጠርጎ ክሪኩን አወረደ።

የአገርነሽ አክስት፣ የአቶ ዳልጮ ታናሽ እህት፣ እማማ በለጥሽ በስልክ ሲነገራቸው በመጀመሪያው ሚኒባስ ከዶርዜ ወረዱ። ገቡ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደበሌ መሬት መሬት እያየ ቁጣውን ጠበቀ።

"ወንድሜ!" አሉ በመጨረሻ። "ይሄን ሁሉ ለብቻው ሠራ? እኛ አገር እኮ እንዲህ ያለ ቤት ለብቻ አይሠራም፤ ሰፈር ነው የሚሠራው። ለብቻው!"

"እማማ፣ እኔ ቆረጥኩት" አለ ደበሌ።

"አያለሁ። ዓይን አለኝ አይደለም እንዴ?" አሉ። "ቤቷ ታማለች እንጂ አልሞተችም። ቤት በአንድ ቦታ አይነሳም ደበሌ ልጄ። እኛ ጋ ቤት ከቦታ ቦታ ሲሄድ ሰው ሁሉ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነሳል። አንተ አናጢ ነህ፣ ስር የሚቆም ነገር አዘጋጅ። እኔ ሰው እጠራለሁ።"

ይሄ "ስር የሚቆም ነገር" የሚለው ደበሌ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እስካሁን ሲያስብ የነበረው ግድግዳው መደርደሪያውን እንዴት እንደሚሸከም ነው። ንድፉን ገለበጠው፤ መደርደሪያው ግድግዳውን ይሸከማል። ቋሚዎቹን ከወለሉ ስር በተቀበረ ድንጋይ ላይ ያቆማቸዋል፤ አናታቸው ላይ በመሮ አፍ አውጥቶ አግዳሚውን እንዲነክሱ ያደርጋቸዋል፤ ጣውላዎቹ ቋሚዎቹን እርስ በርስ ያስራሉ። የቆረጠውን ቀርከሃ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቋሚ ጋር ይሸምነዋል። ከደጋው ከጨንቻ እርጥብ ቀርከሃ አስመጣ። መሸመን በዶርዜ የወንድ ሥራ ስለሆነ እማማ በለጥሽ እጃቸውን አላስገቡም፤ ዱካ ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ብቻ ሠሩ። "ፍታው።" ይፈታል። "አሁንም ፍታው። ዳልጮ እንዲህ ሲያደርግ አይተሃል?" አገርነሽ እየሰነጠቀች ታቀብለዋለች። ደበሌ፣ ያ ማንም የማይከራከረው ሰው፣ እንደ አዲስ ተለማማጅ ሲሠራ ሲያፈርስ ሰነበተ፤ ደስ የሚለው ደግሞ አልከፋውም። ጣቶቹ የሽማግሌውን አካሄድ እየተከተሉ ሲሄዱ ሰውየው ያጠበቁት የት ላይ እንደሆነ፣ የደከማቸው የት ላይ እንደሆነ ሁሉ እየገባው መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው መጣ። የጸሎት ቤቱ መዘምራን መጡ፤ ባጃጅ ነጂዎች መጡ፤ አገርነሽ ያስተማረቻቸው፣ አሁን ሱቅና ቢሮ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ መጽሐፍ የሚዋሱት ተማሪዎች ከነጓደኞቻቸው መጡ። ደበሌ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም። ለእያንዳንዱ መንታ ጫፍ ያለው ባላ ተሰጠው፤ በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ባላቸውን አግዳሚው ስር ደገኑ። አግዳሚው ከሽምኑ ጋር የታሰረበት ማሰሪያ ተፈታ። እማማ በለጥሽ መሀል ቤት ላይ ብቻቸውን ቆሙ።

"ማንም አይቅደም" አሉ። "ማንም አይቅር። ዮ!"

"ዮ!" አለ ሰው ሁሉ፤ ገፋ።

ጣሪያው ተነሳ።

የተነሳው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ግን ሁሉም ጋ እኩል ነው የተነሳው፤ አንዲት ቆርቆሮ አልተንጣጣችም። በግድግዳውና በጣሪያው መሀል ዙሪያውን ብርሃን ገባ፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የሽምኑ ጫፍ ሁሉ ወርቅ መሰለ። በምሥራቅ በኩል በክፍተቱ የአባያ ሰማይ ታየ። ነፋሱ ገብቶ የአገርነሽን ነጠላ አነሳው። ያ ሁሉ ሰው አንድ ትንፋሽ ይዞ የሰውን ቤት በእጁ ተሸክሞ ቆሟል። ደበሌ እንባው ሲመጣ ተሰማው፤ "አሁን!" የሚል የእማማ በለጥሽን ድምፅ ሰምቶ እንባውን ትቶ ሮጠ።

ከሽምኑ ጋር የተያያዙትን ቋሚዎች አንድ በአንድ አግዳሚው ስር አቀናቸው። ውሃ ልኩን አላመነም፣ ቱንቢውንም አላመነም፣ በመዳፉ ዳሰሳቸው። አግዳሚው ሲወርድ የቋሚዎቹ አፍ እየነከሰ ተቀበለው። ከዚያ ሰዉ ባላውን በየተራ አወረደ፤ መጀመሪያ በምዕራቡ በኩል ያሉት፣ ከዚያ በጎንና በጎን ያሉት፣ በመጨረሻ በምሥራቁ ያሉት። አንዱ ባላውን ባወረደ ቁጥር እንጨቱ ያቃስታል፤ ባቃሰተ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል። የመጨረሻው ባላ ወረደ።

ደበሌ ብቻ ቀረ። መሀለኛውን ቋሚ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ትከሻውን አስደግፎ ቆሟል። ሰዉ ጠበቀው። እማማ በለጥሽም ጠበቁት።

አገርነሽ አጠገቡ መጣች።

"ልቀቀው" አለችው።

"ቢወድቅስ?"

"ልቀቀው ደበሌ።"

"አገሬ፣ ቢወድቅስ? የአባትሽ ቤት እኮ ነው።"

እጇን እጁ ላይ ጣል አደረገች፤ ጣቶቹን ከእንጨቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። "ያንተም ቤት ነው" አለችው። "የሸመንከው አንተ አይደለህም እንዴ? ልቀቀው።"

ለቀቀ። ቋሚው አንድ ጊዜ ጠለቅ ያለ ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ጣሪያው ቦታውን ያዘ። ደበሌ ሁለት እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።